አሞራ ገደል፦ ወደ ውኃው የሚወርደው ማን ነው?

(ሐዋሳ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተሰናዳ)

እንደምን አመሻችሁ። ነፋሱ ተነሥቷልና እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ድምፄ የማይሰማው ካለ እጁን ያውጣ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳርቻ ነው። ስለ አሞራ ገደል። ሐዋሳ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ዓሣ የበላባት፣ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ የተነሣባት፣ እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚወስድባት ቦታ ናት። ታሪኳን ግን ማንም ብዙ አያወራም። የሚወራው የከተማው ታሪክ ነው። ማን ቆረቆራት፣ መቼ ዋና ከተማ ሆነች፣ ስንት ሆቴል ተሠራባት። ሐይቁ እንደ ፎቶ ቤት መጋረጃ ከኋላ ተሰቅሎ ይቀራል።

እኔ ዛሬ ገልብጬ ነው የማወራው። ከከተማው ሳይሆን ከዳርቻው ልነሣ። በየዘመኑም አንድ ጥያቄ እየጠየቅሁ እሄዳለሁ። ወደ ውኃው የሚወርደው ማን ነው? ማንስ ነው ከላይ ሆኖ የሚያየው?

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ፤ ከሥሩ እንጀምር። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በሰመጠበት ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ምዕራብ ደግሞ ኮርቤቲ አለ። እሱ ከ180 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቶ የራሱን ጎድጓዳ የሠራ ነው። እስከ ዛሬም አልሞተም፤ አንዳንድ ቦታ ከመሬቱ ውስጥ እንፋሎት ይተናል።

ይሄ የሩቅ ዘመን ወሬ ከመሰላችሁ ነገ ጠዋት ዳርቻው ላይ ጎንበስ በሉ። ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ስታነሡት እንደ ደረቅ ዳቦ የሚቀልል ድንጋይ አታጡም። ግንበኞች ፑሚስ ይሉታል። ውኃው ላይ ጣል አድርጉት። አይሰምጥም። እሳተ ገሞራው የተፋው አረፋ ነው፤ ውስጡ በጋዝ ተነፍቶ ሳለ ድንገት የደረቀ። ማዕበሉ ያመላልሰዋል፣ እርስ በርሱ ያፋጨዋል፣ ይፈጨዋል። አሞራ ገደል ላይ የምትረግጡት ሻካራ አሸዋ አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ልጆች ደግሞ ተረከዝ መፈግፈጊያ ያደርጉታል።

ሐይቁ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ስፋቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ያህል ቢወርድ ነው። ለስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ይሄ ጥልቅ የሚባል አይደለም። ጎረቤቱ ሻላ ከ200 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በከተማው በኩል ያለው ዳርቻ ደግሞ ለጥ ያለ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ለጥ ባለ ዳርቻ ላይ ውኃው አንድ ክንድ ከፍ ካለ፣ ወደ መሬት ብዙ እርምጃ ይገባል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ወደ ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ አንድ ነው፤ ጥቁር ውኃ። ከወንዶ ገነት አፋፍ የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጥቁር ውኃ ሆነው ይመጣሉ። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨውን ስለምታስቀር ውሎ አድሮ መምረሩ አይቀርም። ሻላንና አብያታን ያየ ያውቀዋል። የሐዋሳ ውኃ ግን ዓሣ የሚኖርበት፣ ከብት የሚጠጣው ለስላሳ ውኃ ነው። እንዴት? ከሥር ስለሚሰርግ ነው። ሻላ ከሐዋሳ ሐይቅ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የተኛው። ውኃው በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለውስጥ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል፤ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። ሐይቃችን መውጫ በር የለውም ስንል በጓሮ በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ውኃው ለስላሳ ስለሆነ ከብት ይጠጣዋል። ከብት ከጠጣው ሰው ይከተላል። የዳርቻው የሰው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት አካባቢው አዳሬ ይባል ነበር። የሲዳማ የከብት ምድር ነበር። ሣሩ ሰፊ፣ ውኃው ቅርብ። ቀን ከብት ይወርዳል፣ ሴቶች ውኃ ቀድተው ይወጣሉ፣ እረኞች ዛፍ ሥር ይውላሉ። ዓሣ የሚያጠምድ ብዙም አልነበረም። ከብት ያለው ሰው ወተትና ቅቤ እያለው፣ ከቆጮ ጋር ዓሣ የሚያስበላው ምን ጉዳይ አለው? ዓሣ የቸገረው ሰው ምግብ ተደርጎ ይታይ ነበር። ያኔ ወደ ውኃው የሚወርደው እንግዲህ ከብቱና ባለከብቱ ነው። ዓሣው ተመችቶታል።

ይሄ ማለት ግን ዳርቻው ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይሄንን ነውና። ስለ አዲስ ከተማ ስናወራ «ባዶ ሜዳ ነበር፣ ጫካ ነበር፣ ከዚያ መንግሥት መጣና ከተማ ሠራ» ማለት ይቀናናል። ሲዳማ ጉዱማሌ አለው። ጉዱማሌ የአንድ ሰው መሬት አይደለም፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የጋራ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ በዓል ይከበርበታል። ሐዋሳ ላይ ጉዱማሌ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ሐይቁ ዳር።

ፊቼ ጨምበላላ የሚከበረው እዚያ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ እንደ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚውል አይደለም። አያንቶዎች፣ የሰማዩን ነገር የሚያውቁት አባቶች፣ ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ። ከዚያ ቀኑ ለሕዝብ ይታወጃል። በዋዜማው በየቤቱ ቡርሳሜ ይሠራል፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ ከወተት ጋር ይቀርባል። ከለምለም እንጨት የተሠራ የመግቢያ ቅስት ሥር ቤተሰብ በየተራ ያልፋል። በማግስቱ ልጆች ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ። ከዚያ ትልቁ ሕዝብ ሜዳው ላይ ይወጣል፣ የሲዳማው ባህላዊ ጭፈራ፣ ቄጣላው፣ ይደምቃል። ዩኔስኮ ይሄንን በዓል በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የበዓሉን ነገር ያነሣሁት ለማስጎብኘት አይደለም። ሐይቅ ዳር ያለ መሬት የጋራ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ የቆየ ሥርዓት እዚሁ ደጃችን ስላለ ነው። ስለ «የሕዝብ መዝናኛ ዳርቻ» ስብሰባ ሲጠራ የውጭ አገር ምሳሌ ይደረደራል። የጄኔቫ ሐይቅ እንዲህ ነው፣ የእንትን አገር ሐይቅ እንዲያ ነው ይባላል። ጉዱማሌ አፍንጫችን ሥር አለ እኮ!

ከተማው የመጣው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ያኔ ከይርጋለም ነበር የሚተዳደረው። አገረ ገዥው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ነበሩ። የሐዋሳ መቆርቆር ከሳቸው ስም ጋር ነው የሚነሣው። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። መንገዱ በካርታ ተነድፎ የወጣ ስለሆነ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ምዕራብ ዝም ብሎ የወረደ ሰው ሐይቁን ያገኛል፤ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከተማዋን የነደፈው ሰው ማንም ይሁን ማን ለዚህች ለአንዷ ነገር አመሰግነዋለሁ። ዋናው መንገድ ጀርባውን ለውኃው አልሰጠም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ በሩጫ ልለፈው። የአስተዳደር መቀመጫው ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ዞረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጁ ተከፈተ፤ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማዋ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። በ2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደና ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ሐይቁ ዳር ዋቢ ሸበሌ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ነበሩ፤ ለብዙ ዓመት «ሐዋሳ ሄጄ ነበር» ማለት እነዚያ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ጉሬዛ እያዩ ቢራ መጠጣት ማለት ነበር። በኋላ ሌዊ መጣ፣ የሻለቃ ኃይሌ ሪዞርት መጣ፣ ሌሎችም መጡ።

እኔን የሚስበኝ ግን ዓሣው ነው። አሞራ ገደልን አሞራ ገደል ያደረጋት ዓሣ ነው።

ከተማው ሲመጣ ዓሣ የሚበላ ሰው መጣ። ወታደሩ፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ። በደርግ ዘመን አጥማጆች በማኅበር ተደራጁ። የመንግሥት ዓሣ ድርጅት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ያቀርብ ነበር። ያኔ ነው ታንኳዎቹ በብዛት መቆም የጀመሩት። ዳርቻዋ የከብት መውረጃ መሆኗ ቀርቶ የታንኳ መድረሻ ሆነች።

ሐይቁ ውስጥ ለገበያ የሚሆነው ዓሣ ሦስት ዓይነት ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ከሚወጣው አብዛኛው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ይጠበሳል፣ አምባዛ ሥጋው የሰባ ስለሆነ ለጉላሽ ይመቻል፣ ቢልጫ ጣፋጭ ነው ግን እሾሁ ያስለቅሳል። አጥማጆቹ ከሰዓት በኋላ መረባቸውን ይጥላሉ። መረቡ ውኃው ውስጥ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሄደው ያነሡታል። ስለዚህ አሞራ ገደልን ማየት የፈለገ በጠዋት ይሂድ። በአራት ሰዓት የሚመጣ ሰው የሚያየው የተረፈውን ነው።

በጠዋት የሚታየውን ልንገራችሁ። ታንኳው ገና አሸዋውን ሳይነካ ልጆች ይከቡታል። መረቡ ይዘረጋል፣ ዓሣው አንድ በአንድ ከመረቡ ዓይን ይፈታል። ከዚያ ሥራው ወደ አራጆቹ ይሄዳል። የአንዱን ልጅ እጅ ብቻ ተከታትላችሁ እዩ። ቆሮሶውን ጣውላ ላይ ያጋድመዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ አንዴ ይሰነጥቀዋል። ቢላውን በአከርካሪው ላይ አስደግፎ እስከ ጭራው ይስበዋል። ሥጋው በአንድ ወጥ ይነሣል። ከዚያ የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን በእጁ ይጎትተዋል፤ ጨርቅ እንደ መቅደድ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ፊሌቶው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛውን ጎን ይገለብጣል። ይሄን ሁሉ ስትቆጥሩት ደቂቃ አይሞላም። አጠገቡ ደግሞ ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ደንበኛ ቆሟል። ጥሬ ዓሣ ካልደፈራችሁ ሾርባው አለ፤ በትንሽ ብርጭቆ፣ ትኩሱን፣ ቃሪያ ገብቶበት። ሲጠጣ ያመሸ ሰው ደግሞ ያንን ሾርባ እንደ መድኃኒት ነው የሚቆጥረው።

በሁዳዴ ገበያው ይደራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼዋለሁ። ገበያው ግን መልሱን ለራሱ መልሷል። ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19፣ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ሲጨመርበት ዳርቻዋ ላይ እግር መጣያ አይገኝም።

አራጆቹ የሚጥሉት ጭንቅላትና አንጀት ደግሞ ሌላ ነዋሪ አመጣ። አባ ኮዳ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ። ካፖርት ለብሶ ጡረታውን ለመቀበል ሰልፍ የቆመ ሽማግሌ ይመስላል። ሰው አይፈራም። ሰዉ ይስቅበታል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ይጠየፈዋልም። እኔ ግን እከራከርለታለሁ፤ እሱ ባይኖር ያ ሁሉ አንጀት በፀሐይ ሲሸት ሾርባችሁን አትጠጡም ነበር። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ሌሎቹ ወፎች፣ ፔሊካኑና የዓሣ ንስሩ፣ የራሳቸውን ዓሣ አድነው ይበላሉ። አባ ኮዳ ግን በእኛ ገበያ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ነው ያለው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ውኃው ሲነሣ።

ሐይቅ መስመር ያለው ይመስለናል። ካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ስናየው ዳሩ የቆመ ነገር ይመስለናል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ክረምት የዘነበው ቀስ ብሎ ስለሚደርሰው ውኃው የሚሞላው ዝናቡ ካባራ በኋላ በመከር ነው። ይሄ የዓመቱ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ የዘመናት መነሣትና መውረድ አለው። የውኃው ከፍታ በመለኪያ መመዝገብ ከጀመረበት ከ1960ዎቹ ወዲህ አዝማሚያው ወደ ላይ ነበር። ቀስ እያለ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሰዉ ደረቅ ያየውን መሬት ደረቅ መሬት ነው ብሎ ሠራበት፣ አረሰበት፣ አጠረው።

1990 ዓ.ም. ላይ ኤልኒኖ መጣ። በልግና በጋ መለየት እስኪያቅት ዘነበ። ሐይቁ ወደ ከተማው ገባ። ሐይቅ ዳር ያለው ሰፈር በውኃ ተከበበ፣ ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ፣ ማሳ ሰጠመ። ያ ጎርፍ ከከበደባት በኋላ ነው ከተማዋ በዳርቻው ላይ መከላከያ ግድቡን የሠራችው። ዛሬ ማታ ማታ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ የምትንሸራሸሩበት፣ ፍቅር ሐይቅ እያላችሁ የምትቀጣጠሩበት ያ ከፍ ያለ መንገድ ለፍቅር አልተሠራም። ለጎርፍ ነው የተሠራው። ፍቅሩ በኋላ ነው የመጣው፤ እኔ ቅሬታ የለኝም።

ለምን ተነሣ ለሚለው ባለሙያዎች አንድ መልስ አይሰጡም። ዝናቡ አንዱ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሌላው ከላይ ያለው አገር ነው። የወንዶ ገነትና የዙሪያው ተራራ ደኑ ተመንጥሮ ሲታረስ፣ ድሮ መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው ዝናብ አፈር ይዞ በጎርፍ መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ጨለለቃ ነው። ያ ዛሬ ረግረግ የምንለው ቦታ ከሐምሳ ዓመት በፊት ውኃው የሚያበራ ሐይቅ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. አካባቢ ከጠፈር በተነሡት የሳተላይት ፎቶዎች ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ጨለለቃ እንደ ወንፊት ነበር፤ ጎርፉን ይይዛል፣ አፈሩን ያስቀራል፣ የጠራውን በጥቁር ውኃ በኩል ይለቃል። አፈር ሞላው። ከብት የሚግጥበት ሆነ። ድሮ እዚያ ይቀር የነበረው ደለል አሁን አንድ ደረጃ ወርዶ ወደ እኛው ሐይቅ እየገባ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ከሥር ያለው የመሬት ስንጥቅ መከፈትና መዘጋትም ድርሻ አለው ይላሉ፤ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነውና ነገሩ አይናቅም። በ2012ና 2013 ዓ.ም. የኬንያዎቹ ሐይቆች ባሪንጎና ናይቫሻ ተነሥተው ቤትና ሆቴል ሲውጡ ያያችሁ አላችሁ። እኛም ያው ሸለቆ ውስጥ ነን።

ስለዚህ ዳርቻውን የሚያጥር ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚሳሳተው። አንደኛ፣ የጋራውን የግሉ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የሚያጥረው መሬት የሐይቁ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣል። ግንቡ ግማሹ ውኃ ውስጥ የቆመ አጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ። ማን እንዳጠረው አልናገርም፣ ፍርድ ቤት መመላለስ አልፈልግም።

ሆቴል አይሠራ አልልም። ከተማዋ በቱሪስት ነው የምትኖረው፣ ከእናንተም ውስጥ እዚያ የሚሠራ አለ። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ድሮ ከጥቁር ውኃ በኩል እስከ አሞራ ገደል ዳር ዳሩን በእግር መሄድ ሕልም አልነበረም። አሁን መሄድ ትጀምራላችሁ፣ አጥር ይገጥማችኋል፣ ወደ አስፋልት ትወጣላችሁ፣ ዞራችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሌላ አጥር። አሞራ ገደል ላይ መግቢያ ይከፈላል። እሱ አያስከፋኝም። ገንዘቡ ለጽዳትና ለጥበቃ እስከዋለ ድረስ፣ ባለ ባጃጁም ባለ ላንድክሩዘሩም በአንድ በር እስከገባ ድረስ፣ ይከፈል። የሚያስከፋኝ በር የሌለው ግንብ ነው።

ወደ ዓሣው ልመልሳችሁና ዳርቻው ለምን የሐይቁ ልብ እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ቆሮሶ የሚራባው መሐል ሐይቅ ላይ አይደለም። ዳር ላይ፣ ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ፣ ውኃ ዳር በሚበቅለው ረጅም ሣር፣ በፊላው ሥር ነው። ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ እንቁላሎቹን መልሳ በአፏ ትለቅማቸዋለች። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ አፏ ውስጥ ታኖራቸዋለች። ያን ሰሞን ምግብ እንኳ አትበላም፤ ጉንጯ አብጦ ትዞራለች። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

እንግዲህ ፊላው «እይታ ይጋርዳል» ተብሎ ሲታጨድ የሚጠፋው ይሄ ነው። ዓይኑ ጠባብ መረብ ዳር ዳሩን ሲጎተት የሚወጣው ጉንጯ ያበጠው እናት ናት፤ ከነልጆቿ። ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። መረብ ዓይነትና መጠን እንዲወሰን፣ የመራቢያ ቦታ እንዲከለል በር ይከፍታል። ግን ሌሊት ሐይቁ ላይ የሚቆም ፖሊስ የለም። አጥማጁን ብቻ አትውቀሱ። በማኅበር የታቀፈው አጥማጅ ጠባብ መረብን ከእኔና ከእናንተ የበለጠ ይጠላል፤ የነገ እንጀራውን ነው የሚወስድበት። ሥራ ያጣ ወጣት ሲበዛ ማኅበር ሳይኖረው መረብ ገዝቶ የሚገባው በዛ። ሐይቁ እንደሆነ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይለጠጥም። ትልልቅ ቆሮሶ ድሮ እንዴት እንደነበረ ሽማግሌ አጥማጆችን ጠይቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩዋችኋል። ትንሽ ያጋንናሉ፣ አጥማጅ ናቸውና። ግን ውሸት አይደለም።

ከቆሻሻው ደግሞ ልብ የማንለው የራሳችን አለ። ባጃጅና መኪና ዳርቻው ላይ ይታጠባል። ልብስ ይታጠባል። ፕላስቲክ ጠርሙሱ ይወረወራል። ፋብሪካ ሁሉ የሚወቀሰው በትክክል ነው፣ ይወቀስ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ እንዲኖረው የተደረገው ሐይቁ ስላለ ነው። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ ቆሻሻ በቀላሉ አይወጣም። የባጃጁ ዘይት እንደዚያው ነው።

አሁን ከመድረኩ ስወርድ መጀመሪያ የምትጠይቁኝን ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ይዋኛል ወይ?

አዞ የለም። ጫሞ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው እዚህ ሲመጣ ይደነግጣል፣ ግን የሐዋሳ ሐይቅ አዞ የለውም። ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መካከል መገኘት አይደረግም። ስለዚህ ማታና ጎህ ሲቀድ ፊላ ያለበት ዳር አትቁሙ። ጀልባ የሚከራይላችሁ ሰው ለፎቶ ብሎ በጣም ላስጠጋችሁ ካለ እምቢ በሉ።

ሌላው ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ነው። ፊላው ሥር የሚኖር ቀንድ አውጣ አለ። ጥገኛው ተዋስያን ከሱ ይወጣና ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ቆዳችሁን በስቶ ይገባል። ሲገባ አይታወቅም። ዳር ላይ የሚንቦጫረቁት ልጆችና ቀኑን ሙሉ እግራቸው ውኃ ውስጥ ያለው አጥማጆች ናቸው በብዛት የሚያዙት። በሽታው የሚኖረው በቀንድ አውጣው ጥፋት ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው ዳርቻው ላይ ሲጸዳዳ ነው የተዋስያኑ እንቁላል ወደ ውኃው የሚገባው፤ ስለዚህ አሞራ ገደል ላይ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት መኖሩ ከማንኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጣል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በደንብ ይሠራል፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ውኃው ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ፣ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ ወይም ሰገራችሁ ላይ ደም የምታዩ ካላችሁ ሳታፍሩ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

እኔ ጨርሻለሁ። ማይክራፎኑ ከኋላ ይጀምር፤ ቅድም እጇን ያወጣችው ልጅ ትቅደም።